በአፋፉ ላይ የተተከለው ትራይፖድ

ሟቹ ድንጋይ ይፈለጥበት ከነበረው፣ አሁን ከተተወው ካባ ገደል ግርጌ ተገኙ። ትራይፖዳቸው ግን ካሜራውን እንደተሸከመ አፋፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፖሊሶች «ፎቶ ሲያነሱ አዳልጧቸው ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣ ባለቤታቸው ደጅ ጠንተው መርማሪዋን አስመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ገደል ለገደል መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ አዳለጠው? ልጄ፣ እውነቱን አውጪልኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።»

መርማሪዋ አፋፉን አየችው። መሬቱ ወደ ገደሉ ያዘቀዝቃል። የትራይፖዱ አንድ እግር ወደ ቁልቁለቱ፣ ሁለቱ ወደ ዳገቱ ተተክለዋል። በካሜራው አጮልቃ ለማየት በእግር ጣቶቿ መቆም ነበረባት፤ ሟቹ ደግሞ ከእሷም ያጥራሉ።

«ከልጃቸው ጋር ነበር የመጡት» አላት ካሜራ ሻጩ። «ልጁ ቀላሉን ትራይፖድ ሲያነሳ፣ 'ይሄማ ነፋስ ያስጨፍረዋል' ብለው ከባዱን መረጡ። ካሜራውን ሳይነኩ የሚያነሱበት ሪሞት፣ የሌንስ መጥረጊያና ትርፍ ባትሪም ጨመሩ። አተካከሉን ላሳይዎት ስላቸው፣ 'ለቀያሽ ትራይፖድ? ለዓሣ ዋና አስተምር!' ብለው ሳቁብኝ። ልጁ ግን ሰማኝ።»

«ምን አልከው?»

«ለጀማሪ ሁሉ የምለውን ነዋ! አንዱን እግር ከሌንሱ ሥር ወደፊት፣ ሁለቱን ወደ ራስህ።»

«በሞቱበት ቀን ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ተማሪዎች እስከ ደጅ ተሰልፈው ነበር፤ ጠይቂያቸው።»

ወፍ ፎቶ ማንሳት የሚወደውን የሟቹን ጎረቤት ሰፈሩ «ጭልፊት» ይለዋል። ከአጥሩ በላይ ግንባሩ ብቻ እየታየ መለሰላት።

«ትራይፖድ? ለእኔ? ወፏ እግሩን ዘርግቼ እስክጨርስ ቆማ ትጠብቀኛለች እንዴ! የሞቱ ዕለት ጠዋት ግን ወደ ካባው በኩል ጭቅጭቅ ሰምቻለሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁትም።»

በማግስቱ ሁሉም በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ደጋግማ ብታገላብጥ፣ የሟቹ ባለቤት «በይ እንጂ ልጄ» አሏት።

«ቀያሽ ዘቅዛቃ ላይ ሁለቱን እግር ወደ ቁልቁለቱ ይተክላል፤ አለዚያ መሣሪያው ይወድቅበታል። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ይህን አይስትም። የተከለው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም የሱቁን ምክር የሰማ። ሻጩ ከሱቁ አልወጣም፤ ተማሪዎቹ መስክረዋል። ጭልፊት ካሜራው የቆመበትን ከፍታ በበርጩማም አይደርስበትም።»

«ተመስገን ላሳጠረኝ!» አለ ጭልፊት። ማንም አልሳቀም።

«ምክሩን ሰምቶ ቁመቱም የሚበቃው አንድ ሰው ነው የቀረው።»

እናትየው ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እማ፣ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ። «ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዤ የምወጣው ለይምሰል ነበር። አባዬ ደረሰብኝ። 'ዛሬውኑ እነግራታለሁ' ሲለኝ፣ 'ተው፣ ትሞትብኛለች' አልኩት። አልሰማኝም። ገፋሁት። ከዚያ ትራይፖዱን ከቦርሳው አወጣሁና...»

እናትየው ወደ መርማሪዋ ተመለሱ።

«የጠራሁሽ እኔ አይደለሁ? በቃ ሂጂ ብልሽስ?»

«አልችልም፣ እማማ።»

ፖሊሶቹ በሩ ላይ ቆመዋል። እናትየው ተነሥተው የልጃቸውን ጃኬት ሊዘጉለት ዚፑን ያዙ። ጥርሱ አልገጥም አላቸው። ደጋግመው ሞከሩ።

«እስቲ አንቺ ዝጊለት፤ ዓይኔ አላይ አለኝ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ዚፑን ገጠመችና እስከ አንገቱ ሳበችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አሏት እናትየው፣ ከልማድ።