የጃቢር ሞተርና የተገዛው ዘፈን

ጃቢር ከአዘዞ ወደ አይከል በሚወስደው መንገድ፣ ከጠማማው መታጠፊያ ሥር፣ ሞተሩ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር የትነበርሽ ቁልቁለቱን ስትወርድ መንገዱ ዳር የተኮለኮለው ሰው በስልኩ ሬሳ ይቀርጻል። አንዱማ ሸንኮራ እየመጠጠ ነበር። «ምን ዓይነት ፍጥረት ነው!» አለችና ፊቷን አዞረች። በሥራ ዘመኗ ሬሳ አስጠልቷት አያውቅም፤ በቁሙ ያለው ሰው ግን አዘውትሮ ያስጠላታል።

ሟቹ ከሸሪኩ ከአላምረው ጋር ጎንደር ውስጥ በርበሬ ወፍጮ የነበረው ነጋዴ ነው። ማጅራቱ ላይ ተፈንክቷል። ፀጉሩና የሸሚዙ ኮሌታ ቀይ ዱቄት ለብሰዋል።

«መቼም በርበሬ ነጋዴ አይደል» አለ አብሯት የወረደው ፖሊስ።

የትነበርሽ ዱቄቱን ቆንጠር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አላስነጠሳትም። በጣቶቿ መካከል ስታሸው እንደ አሸዋ ኮሸኮሸባት። በወረቀት ጠቀለለችው።

ለሌሎቹ ፖሊሶች ጉዳዩ ያለቀ ነበር። ከአይከል እህል ጭኖ ሲመጣ ሬሳውን አይቶ የደወለው የጭነት መኪና ሾፌር አወቀ ራሱ በካቴና ታስሯል። ጃቢርን ገጨ ብሎ የመሰከረበት ደግሞ አላምረው ነው።

«ፒካፔን አቁሜ ጎማ ሳይ ጃቢር በጎኔ አለፈ» ሲል አስረዳ አላምረው፣ በንጹሕ መሐረብ ዓይኑን እየጠረገ። «የሞተሩን ቴፕ ለቆት ተራራው ይናወጣል። ያንኑ በስልኩ የገዛውን አዲስ ዘፈን ነው፤ እኔም አብሬ አንጎራጎርሁ። መታጠፊያው ላይ የጭነት ማኪናው ጥሩምባ ነፋ። በዚያ ሁሉ ጩኸት እንዴት ይሰማው? ገጭቶ ጣለው።»

በዚያ መታጠፊያ ፊት ለፊት የሚመጣው ስለማይታይ ሾፌር ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። የአላምረው ቃል አፍ የሚያዘጋ ነበር። የአወቀ መኪና መከላከያ እንደሆነ ድሮም ጠባሳ በጠባሳ ስለነበረ ለማንም አይመሰክርም።

አወቀን በጣቢያው አገኘችው። ፀጉሩ የሸበተ፣ የአርማጭሆ ሰው ነው።

«አያ አወቀ፣ ጥሩምባ ነፍተው ነበር?»

«ነፋሁ እንጂ። ሞተርም ሰውም አላየሁ። ማኪናዬን ላቀዘቅዝ ብወርድ ከታች ወድቆ አየሁት። ምነው እኔን? ከታሰርሁ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?»

«ዘፈንስ ሰምተዋል?»

«የምን ዘፈን?» አለ ግራ ገብቶት።

አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከለቀስተኞች መሐል፣ የሟቹ ሚስት መርዋ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«የተሰረቀ ዘፈን አልሰማም ይል ነበር» አለች። «ሰው የደከመበትን በነፃ መውሰድ ሐራም ነው ብሎ በስልክ ካርድ ይገዛል። ሰዉ ሁሉ ይስቅበታል።»

«በሞቱ ዋዜማ የተለየ ነገር ነበር?»

«ከወፍጮ ቤት ተናዶ መጣ። ‹አላምረውን ነገ ልጠይቀው፤ ካልተወ ለሕግ እነግራለሁ› አለ። ምን አደረገ ብዬ ብጠይቀው ‹ለመናገርም ይቀፋል› ብሎኝ እራቱን ትቶ ተነሣ።»

ቀጥሎ ፒያሳ፣ ዘፈን ጫኙ የሻው ሱቅ ገባች። ጃቢር በሰው ፊት የዘፈን ሌባ ብሎት ስለነበር እሱም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው።

«ብሎኛል» አለ የሻው ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ግን የገዛው ዘፈን በሞተሩ አልዘፍን ሲለው የመጣው እኔው ዘንድ ነው። በሞተበት ዕለት ጠዋት። ዘፈኑ ከተገዛበት ስልክ ውጭ እንዳይከፈት ተቆልፏል። ፍላሽ ላይ ገለበጥሁለት፤ ስሙ ይታያል፣ ድምፅ የለም። ‹ያንኑ ዘፈን በርካሽ ልጫንልህ› ስለው ሊመታኝ!»

«ፍላሹ ላይ ሌላ ዘፈን አልነበረም?»

«የድሮውን በሙሉ አስጠፋኝ፤ የተሰረቀ ነው ብሎ። ዱዳውን ፍላሽ ሞተሩ ላይ ሰክቶ ሄደ። ‹መላ እስካገኝለት ለማንም እንዳትናገር፣ መሳቂያ እሆናለሁ› አለኝ።»

የትነበርሽ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። የጓሮውን ክፍል አስከፍታ ስትገባ ቀይ ጡብ ተከምሯል፤ አጠገቡ የተፈጨ ጡብ በርበሬ ተደባልቆበት በጆንያ ቆሟል። በዚያ አቧራ በለበሰው ክፍል አንድ ዘነዘና ብቻ ታጥቦ ነጽቷል። እሷም ለቤቷ በርበሬ የምትገዛው ከዚሁ ወፍጮ ነበር። ለልጆቿ ያቀረበችው ወጥ ሁሉ ትዝ አላት። ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተፋች፤ ደግማ ተፋች።

በማግስቱ ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ መርዋ መጣች፤ አወቀም ከነካቴናው መጣ። የሻው ድምፅ ማጉያውን ይዟል።

«አቶ አላምረው፣ የሰሙት የሬዲዮ ወይም የድሮ ዘፈን እንዳይሆን?»

«ኧረ በጭራሽ! የገዛው ነው። ሲለፍፍብኝ ነው የከረመው፤ እንዴት ይጠፋኛል?»

«ከሞተሩ ያወጣነው ፍላሽ ይኸው። የሻው፣ ክፈተው።»

የዘፈኑ ስም ታየ። ግቢው ውስጥ ከዶሮ ጫጫታ በቀር የሚሰማ አልነበረም። አላምረው ከንፈሩን ላሰ።

«ሲወድቅ ተበላሽቶ ይሆናል!»

«ጠዋት የሻው ሱቅ ውስጥም ዱዳ ነበር። ጃቢር አፍሮ አልነገረዎትም፤ ፍላሹ እንደተሰካ ስላዩ የሚዘፍን መሰለዎት። ያልተሰማ ዘፈን ሰማሁ ያሉት ጃቢር በመታጠፊያው ላይ በሕይወት ስላላለፈ ነው። ፀጉሩ ላይ የነበረው ዱቄት አላስነጠሰኝም። ጡብ ነው፤ ከዚህ ጓሮ የመጣ። እዚሁ ሊጠይቅዎ ገባ፣ ከኋላው በዘነዘና መቱት፣ ከነሞተሩ በፒካፕዎ ወስደው ጣሉት። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ቆመው ጥሩምባ የሚነፋ ማኪና ጠበቁ። አያ አወቀ ደረሱልዎት።»

«ጡብ የማይቀላቅል ማን አለ?» ብሎ አምባረቀ አላምረው። «ለዘፈን እንኳ የሚከፍል ጅል እኔን ሊያሳስር!»

የትነበርሽን ከግድያው ይልቅ ይህ አነጋገሩ አንገሸገሻት። እጁን ለመንካት እንኳ ተጸይፋ ፖሊሱን «እሰረው» አለችው። የአወቀን ካቴና ግን ራሷ ፈታች።

መርዋ ወደ አወቀ ተጠጋች።

«አያ አወቀ፣ ጣቢያ ድረስ መጥቼ ልጆችዎን ሳይቀር ረግሜያለሁ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምነው እቴ፣ በምን አውቀሽ?»

«ሲያገኙት… ዓይኑ ክፍት ነበር?»

«ነበረ። ጨፈንሁለት። ፀሐይ እንዳይመታውም በጋቢዬ ሸፈንሁት።»

የትነበርሽ አቀረቀረች። ያን ጋቢ ባልደረቦቿ ከሬሳው ላይ ገፈው፣ ደም ስለነካው አወቀን መወንጀያ ብለው ጣቢያ ቆልፈውበታል። የራሷ መሥሪያ ቤትም አስጠላት።

«ጋቢዎን ዛሬውኑ አስመልስልዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ለኔ ይስጡኝ» አለች መርዋ። «እኔ ነኝ የማጥበው።»