የአበጀ ጠርሙስ

አበጀ ጎህ ሲቀድ ሞተ። ሬሳው በክሊኒኩ የኋላ ክፍል ሰሌን ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ክራንቹ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ ባለቤቱ ተነስቶ የሚያነሳው ይመስላል።

የጤና ረዳቱ አጥናፉ ግን የሚያየው ሬሳውን አልነበረም። ዓይኑ ጥግ ይዞ የተቀመጠው አስማረ ላይ ነበር። አስማረ የያዘው ቆሎ ከመዳፉ እየተንጠባጠበ ይፈሳል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ጓድ ቻላቸው፣» አለ አጥናፉ፣ «የአስማረን ጠርሙስ ብቻ ስጠኝ። አንድ መለኪያ አጠጥቼው እመልስልሃለሁ።»

የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ቻላቸው ሁለቱን የአረቄ ጠርሙሶች በሲባጎ ጠፍሮ በብብቱ ይዟል። «አንዱን በመርዝ ጨረስከው። ሁለተኛውንም እኔው ፊት ልትደግመው ነው?»

«ካልጠጣ ነው የሚሞተው!»

«ስሙት እንግዲህ! የመንግሥት ሐኪም ነኝ የሚል ሰው፣ አረቄ ያልጠጣ ይሞታል ይላል!»

በር ላይ የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። አጥናፉ ምን ብሎ ያስረዳቸው? አበጀ ከሰሜን ግንባር አንድ እግሩን ጥሎ ከመጣ ወዲህ ውሎው አዳሩ አረቄ ቤት ነበር። በገበያ ሸክም የሚያድረው ወገን የሌለው አስማረም እንደዚያው። አጥናፉ የኋላውን ክፍል ጠርጎ ሁለቱን አስተኛቸው። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ የሚሰጠው ኪኒን ቢጠየቅ ቢጠየቅ አልመጣም። ስለዚህ ያንኑ አረቄ በመለኪያ፣ በየቀኑ እየቀነሰ፣ ቀስ አድርጎ ሊያስጥላቸው ጀመረ። በመሀል ለክትባት ቆላ ውረድ ተባለ። የአበጀን ጠርሙስ ለእህቱ ለባንቺዓለም፣ የአስማረን ደግሞ ለአረቄ ሻጯ ለታንጉ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ሲመለስ የተቀበለው ዋይታ ነው።

ፖሊሱ ሻምበል ባሻ ይሁኔ ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ የመጣው ለከብት ሌባ ጉዳይ ነበር፤ ቻላቸው በቅሎ ልኮ አስጠራው። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው ነው። ገባና ቆቡን አውልቆ ጋቢውን ገለጠ።

«ከንፈሩን በጥርሱ በልቶታል፤» አለ። «ልብሱ ላይ ግን ትውከት የለም። መርዝ የጠጣ ሰው ሆዱን ሳይገለብጠው አይቀርም ነበር።» ቀና አለ። «ሲሞት ማን ነበር አብሮት?»

«እኔ ነበርሁ፤ እህቱ።» ባንቺዓለም ከራስጌው ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ፣ እናቴ።»

«መጀመሪያ እጁን አንቀጠቀጠው። ከዚያ በላብ ተጠመቀ። ትናንት ጉንዳን ወረረኝ እያለ ጋቢውን ሲያራግፍ ዋለ። ግንባር የቀሩ ጓደኞቹን በስም በስማቸው ጠርቶ አወራቸው። ሊነጋ ሲል ግን ግትር አለ፤ አረፋ ደፈቀ። በቃ።»

«መለኪያውን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«እኔ። በዚች በእጄ።»

«ሳታቋርጪ?»

«አንድ ቀንም ሳላቋርጥ።»

አጥናፉ ግራ ገባው። የነገረችው ሁሉ መጠጥ በድንገት የተቋረጠበት ሰው ምልክት ነው። ሳይቋረጥበት ከየት መጣ?

ይሁኔ ወደ ታንጉ ዞረ። «አረቄው ያንቺ ነው አሉ።»

«አዎ፣ የኔ ነው! ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ ነው፤ ክብሪት ቢያሳዩት ይነዳል። መርዝ ግን አላውቅም። ደግሞ ጓድ ሊቀ መንበር ለአበጀ አዝኖ እንዳይመስልዎት፤ ይቺን ክፍል ለማህበሩ እህል ማከማቻ ከፈለጋት ቆይቷል።»

«አንቺስ?» አለ ቻላቸው። «ጠጪ ሲድን የማን ገበያ ነው የሚቀዘቅዘው?»

«የኔ ነዋ! ደንበኞቼን ጨረስካቸው ብዬ ለአጥናፉም በፊቱ ነግሬዋለሁ። ግን አስማረን ሲያጠጣ የከረመው ማነው? እኔ አይደለሁ? ታዲያ ሞተ?»

«እየሞተ ነው፤» አለ አጥናፉ። «ሻምበል ባሻ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይቸኩሉ። እኔን ኋላ ያስሩኛል።»

ይሁኔ አስማረ ፊት ቁጢጥ ብሎ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ትክ ብሎ አየ። «አረቄው እንዴት ነበር፣ ወንድሜ?»

«የኔው እሳት ነው፣ ባሻ።» ጥርሱ ይንገጫገጫል። «የአበጀን እንጃ። ሰሞኑን የሱን አያቀምሰኝም ነበር።»

«ስስታም ነበር?»

«አበጀ? የለበሰውን አውልቆ የሚሰጥ ሰው! ብቻ ሰሞኑን ጠባዩ ተለወጠ። ከመጠጣቱ በፊት እህል አልቀምስም ይላል። ቆቡን ያወልቃል። ደግሞ እኮ ያማትባል! እኔማ፣ ‹የታንጉን አረቄ የትኛው ቄስ ባረከልህ?› ብዬ ሳቅሁበት።»

«ምን አለህ?»

«‹ዝም በል› አለኝ። አልሳቀም።»

ይሁኔ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሬሳውን፣ ቀጥሎ በሩን ተመለከተ። «ሁላችሁም ግቡ፤» አለ። «ጓድ ቻላቸው፣ ጠርሙሶቹን ወዲህ በል። አንድ የጣሳ ክዳንና ክብሪት አምጡልኝ።»

ጠባቧ ክፍል ሞላች። ይሁኔ ከአስማረ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ጫረ። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ።

«አላልኩም?» አለች ታንጉ።

ይሁኔ ከዚያው ጠርሙስ ራሱ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። ጠርሙሱን ለአጥናፉ ዘረጋለት። «አጠጣው።»

አጥናፉ ቀድቶ የአስማረን ጭንቅላት ደግፎ አጠጣው። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ።

ይሁኔ ክዳኑን ጠርጎ የአበጀን ጠርሙስ ቀዳ። ክብሪቱን ሲያስጠጋው ትሽ ብሎ ጠፋ። ሌላ ጫረ። እሱም ጠፋ።

«ውሃ ነው!» ቻላቸው ታንጉ ላይ ጮኸ። «ለቆሰለ ወታደር ውሃ ሸጠሽለታል!»

«ቆይ፣» አለ ይሁኔ። «አበጀ አረቄን ከእናቱ ድምፅ ይልቅ ያውቀዋል። ታንጉ ውሃ ሸጣለት ቢሆን፣ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ያንን ክራንች ይዞ አረቄ ቤቷን ያፈርሰው ነበር።»

«ያፈርሰው ነበር!» አለች ታንጉ።

«አጥናፉ ቀላቅሎት ቢሆንም ይጮህ ነበር። እሱ ግን አልጮኸም። እህል ሳይቀምስ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አማትቦ ጠጣ። ለአስማረም አላካፈለ። ካቀመሰው ነገሩ ይወጣል። እንዲህ ተደርጎ የሚጠጣውን ነገር እዚህ ያላችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እየተንቀጠቀጠ ዝም የሚለውስ ለማን ብሎ ነው? ሊያሳዝነው የማይፈልገው ሰው ነው ያቀረበለት።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሬሳው ራስጌ ዞረ።

«ውሃ አትበሉት፤» አለች ባንቺዓለም። «የማርያም ጸበል ነው።»



«ጠርሙሱን ደፍቼ ጸበል ሞላሁበት። የጨረሰውን መርዝ መልሼ በእጄ ላጠጣው? እሱ እንደሆነ መጀመሪያ ሲቀምስ ቀና ብሎ አየኝና፣ ‹ዛሬስ ጥሩ ነው፣ እታለም› አለኝ። ሲንቀጠቀጥ ያ ክፉ መንፈስ እየለቀቀው ነው አልኩ። ደስ አለኝ እኮ።» ወደ አስማረ አየች። «ለምን አረቄዬን መልሺልኝ አላለኝም? ለምን አልጠየቀኝም?»

«ሰዎች፣» አለ ይሁኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የአስማረን እጅ ተመልከቱ።»

መንቀጥቀጡ ጨርሶ ባይተወውም በረድ ብሎለት ነበር። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ቆሎ አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። «አበጀን የገደለው፣» አለ ይሁኔ፣ «ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ነገር አይደለም። የወጣው ነው።»

ባንቺዓለም የአስማረን እጅ ትክ ብላ አየች። ከዚያ ወደ አጥናፉ ዞረች።

«ለምን ትሰጠዋለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«‹የሐኪም ሥራ ለሐኪም ተዪው› አልከኝ። በአንድ ጊዜ ብታስጥዪው ይሞታል ለማለት ስንት አፍ ያስፈልጋል? ብትነግረኝ፣ ከሰው ደጅ ለምኜም ቢሆን አጠጣው አልነበር?»

 አጥናፉ ለክትባቱ ሲቸኩል በሯ ላይ ቆሞ ያንን የተናገረበት ድምፁ አሁን ጆሮው ውስጥ ይጮሃል።

«ትታሰር!» አለ ቻላቸው። «ሁለቱም ይታሰሩ!»

«ወንጀለኛ አላገኘሁም፣» አለ ይሁኔ። «ሰውየው በበሽታው ሞተ ብዬ አስፈርማለሁ። አንተም ትፈርማለህ። ጠርሙሱን በብብትህ ይዘህ ሁለተኛውን ልትደግም ጥቂት ነበር የቀረህ።»

ቻላቸው ዓይኑን ሰበረ፤ ወዲያው ግን መልሶ አቀናው። «እሺ። ክፍሉ ግን ዛሬውኑ ይታሸጋል። አረቄ የሚያድል ክሊኒክ በእኔ ቀበሌ አይኖርም።»

አጥናፉ ወደ ይሁኔ ተመለከተ። ይሁኔ ቆቡን ደፋ። «በዚህ ላይ ሥልጣን የለኝም፣ ልጄ።»

ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ አስማረ የአበጀን ክራንች ይዞ ወጣና ደጃፉ ላይ አስደግፎት እዚያው ቁጭ ብሎ ቀረ። የሚሄድበት የለውም። በሩ ከኋላው በሰንሰለት ተቆለፈ። አጥናፉ ጠርሙሱን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። እሱ ራሱ የሚያድረው ሰው ቤት ተከራይቶ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ቻላቸው ስለሆነ አስማረን ወደዚያ ሊወስደው አይችልም።

ባንቺዓለም ከለቀስተኛው ተለይታ ወደ እነሱ ተመለሰች። ፊቷ ተነጭቷል። እጇን ዘረጋች።

«ወዲህ በለው።»

አጥናፉ ጠርሙሱን ሰጣት።

«ነገ ምን ያህል?»

በጣቱ መለኪያው ላይ አሳያት። «ከነገ ወዲያ ከዚህ ዝቅ ይላል። ቢንቀጠቀጥ አትፍሪ፤ ግን ወዲያው አስጠሪኝ። ፈጽሞ በአንድ ጊዜ እንዳትከለክዪው፣ እታለም። ምክንያቱም...»

ምክንያቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። እሷም ሳታቋርጠው ሰማችው። ቃሬዛው ቁልቁለቱን ጨርሶ እየጠበቃት፣ ቄሱም ሁለት ጊዜ እየተጣሩ፣ እሷ ግን እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልሄደችም።

ከዚያ የአስማረን ክንድ ደግፋ አስነሳችው። የወንድሟን ክራንች ከተደገፈበት አንስታ ለእሱ ሰጠችው። ሀገሩ ሁሉ እያያት፣ ባዘቀዘቀችው ነጠላ ሥር የአረቄውን ጠርሙስ ታቅፋ፣ ወደ ወንድሟ ቀብር ወረደች።