የቅዳሜ ጠዋት ሚዛን

«አልበላም አልኩ እኮ! በምን ቋንቋ ልንገርሽ?» አለች ኤርነስቲን፣ በፎይል የተሸፈነውን ሳህን ወደ እህቷ እየገፋች።

ቨርሊን መልሳ ገፋችው። «ትናንት ለቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ ዘይት ፊት ቆሜ የጠበስኩት ዓሣ ነው። የእኔን ሳህን ትመልሻለሽ? እናታችን ብትኖር ምን ትል ነበር?»

«እሷ ብትኖርማ ለጉልበቴ ታዝን ነበር።»

ኬቫ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ጥፍሯን ትነክሳለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በእነሱ ሰፈር፣ በደቡብ ሜምፊስ፣ ተሸፍኖ የመጣን ሳህን መመለስ ያመጣውን ሰው ከደጅ እንደማባረር ነው። እናቷ ኤርነስቲን ግን ዓመቱን ሙሉ ስትመልስ ከርማለች። ሐኪሙ ጉልበቷን ቀዶ የሚያክማት ክብደቷ ከሁለት መቶ አርባ ፓውንድ በታች ከሆነ ብቻ ነው። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።

«ደግሞ ምን ያስፈራሻል?» አለች ቨርሊን። «በየሳምንቱ እየቀነስሽ አይደል? ኬቭዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስንት ነበረች?»

ኬቫ ወለሉን እያየች መለሰች። «ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት።»

«ይኸው! አራት ፓውንድ ይተርፍሻል። ዓሣ ነባሪ አልጠበስኩልሽ!»

ኤርነስቲን ሳታስበው ሳቀች። እጇ ወደ ፎይሉ ሄደ።

ኤርነስቲን ሚዛን ላይ ስትቆም አጎንብሳ ማየት አትችልም፤ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። ተንበርክካ የምታነብላት ኬቫ ናት። ለወራት ያነበበችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቁጥሩም እየወረደ ነበር። ከዚያ በክረምቱ መሀል የሰፈሩ ሱፐርማርኬት ተዘጋ። የቀረው የነዳጅ ማደያው ሱቅ፣ የዶሮ ጥብስ ቤቱና አትክልት በቆርቆሮ ብቻ የሚሸጠው ርካሽ ሱቅ ነው። እነሱም ያገኙትን መብላት ጀመሩ። ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ፓውንድ የጨመረ ዕለት ኬቫ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ የምትጸልይ ይመስል። ኬቫ እውነቱን መናገር አልቻለችም። ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ነገረቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ከዚያም አሳነሰችው።

አሁን ፎይሉ እየተገለጠ ነው።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ባለፈው ቅዳሜ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ነበርሽ።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?» ቨርሊን ተነሣች።

«ተያት» አለች ኤርነስቲን፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ።»

ኤርነስቲን እጆቿን ከፎይሉ አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ኬቫ ጩኸት ጠበቀች፤ እናቷ ብትጮህባት በወደደች።

«እኔስ ቀሚሴ ሲጠብበኝ አላወቅኩም?» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ማጠቢያ ማሽኑ ነው ያጠበበው እል ነበር። ለማን እንደምል እንጃ።»

«ሱቁ ሲዘጋ ከንቲባው ዘንድ እንሂድ አላልኩሽም?» አለች ቨርሊን።

«መቼ አልሽ? ከንቲባው ሰፈራችን ሲመጣ ኬክ ጋግረሽ የተቀበልሽው አንቺ አይደለሽ!»

«ኬኩን ምን አመጣው? ቀጠሮውን አራዝሚ ነው የምልሽ።»

«አላራዝምም! እንዳለሁ ይመዝኑኝ።»

«ሄደሽ ልትዋረጂ?»

ኬቫ ጃኬቷን ለበሰች። ከሰፈሩ ርቆ ያለው ትልቁ ሱፐርማርኬት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። የሁለተኛውን አውቶቡስ ቁጥር በልቧ ደገመችው፤ እርግጠኛ አልነበረችም። ሰባት ፓውንድ እስከ ማክሰኞ እንደማይወርድም ታውቃለች። ከመሳቢያው ለአትክልት የሚሆኑ ሁለት የጨርቅ ቦርሳዎች አወጣችና ከእናቷ ወንበር ጀርባ አለፈች።

«የምዋረደውስ እኔ አይደለሁ? አንቺን ምን አገባሽ?»

«እህትሽ ነኛ!»

ኬቫ በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።