ቆማ የተዘረፈችው የእድር መኪና

ቁልፉን አዞረችው። ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴው ሰዓት 4:10 ብሎ በራ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ።

ገንዘቤ ደገመች። ሰለሰች። ምንም የለም።

ከኋላ ወይዘሮ ሙሉነሽ ተጋድመው ትንፋሻቸውን በግድ ይጎትታሉ። ኮሮና ከያዛቸው ስድስተኛ ቀናቸው ነው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ሙዜ ካቶ፣ ኮፈኑን ይክፈቱት!»

በአገሩ ልማድ ‹ሙዜ›፣ አባባ፣ የሚባሉት ኡጋንዳዊው የግቢ ዘበኛ ሽማግሌው ካቶ ከመኪናዋ የገፈፉትን ሸራ ጥለው ኮፈኑን አነሱት። ገንዘቤ ወርዳ አየች። የካቲት ላይ የተገዛው አዲስ ባትሪ የለም። በቦታው ራሱ ነጭ ዝገት ያበቀለ አሮጌ ባትሪ ተቀምጧል። ዓይኗ ወደ ታች ሲወርድ ጎማዎቹን አየች። አራቱም ጥርሳቸው አልቆ ልሙጥ ሆነዋል። እነሱም የካቲት ላይ አዲስ ነበሩ።

ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረም። በዚያ ሐምሌ በካምፓላ ሕመምተኛ ካልጫነ በቀር የግል መኪና መንቀሳቀስ ተከልክሏል። ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲም ሰው አይጭንም። ካቶ ከጎረቤት የአሸዋ ጋሪ ለምነው አመጡ። ወይዘሮ ሙሉነሽን ፍራሽ ላይ አስተኝተው የሙቱንጎን ኮረብታ ቁልቁለት እየገፉ ወረዱ። ገንዘቤ እጃቸውን ይዛ ከጎን ትሮጣለች። ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ የኦክስጅን ቱቦውን ይዛ ወጣች፤ ግን ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ሳይደርስ ትንፋሻቸው ቆመ።

እድሩ መኪናዋን የገዛው ለዚህ ቀን ነበር። ነጭ ቶዮታ ኖህ ናት። ሰርግ አትሄድም፣ ገበያ አትሄድም፤ የምትጭነው ሕመምተኛና አስከሬን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ በወይዘሮ ሙሉነሽ ግቢ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። «የቆመች መኪና ከምትሮጠው ይልቅ ተንከባካቢ ትፈልጋለች» ይል ነበር የእድሩ መካኒክ ረድዋን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡኮቶ ሰፈር መጥቶ ቁልፉን ከዘበኛው ይቀበላል። ዘይቱንና ውሃውን አይቶ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ ያሞቃል። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽ ቁልቁለቱን ወርዶ ይመለሳል። አይጥ ሽቦ እንዳትቆረጥም ኮፈኑ ሥር ይፈትሻል። ነዳጁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

እንዲህ ባለች መኪና ላይ እጁን የሰደደ ሰው ከአስከሬን ላይ ነጠላ ከሚገፍ በምን ይሻላል?

እሑድ ከቀብር መልስ የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከሁሉ በላይ ደረቱን ሲደቃ የዋለው የንብረት ኃላፊው ወንድይፍራው ነበር። ዓይኑ አብጧል። መጀመሪያ የተናገረውም እሱ ነው።

«የመኪናዋ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ ሁለተኛው ለክፉ ቀን ተብሎ ዘበኛው ጋ። እኔ ሰባት ዓመት አገልግያችኋለሁ። እሱ ደግሞ ጫማው የተቀደደ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ በየነ ጺማቸውን አሻሹ። «ክፉ ሰው አይመስለኝም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ጻፊ፣ ገንዘቤ። ለፖሊስ ይጻፍ።»

ገንዘቤም ጻፈች። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ አንድ ዓመት የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበረች። ለአንዲት ጭረት እንኳ ሁለቱንም ወገን ሳትሰማ ወረቀት ሞልታ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ንዴትና ለቅሶ ዓይኗን ጋርዶት ነበርና የካቶን ስም ጽፋ ፈረመችበት። አመሻሹ ላይ ሽማግሌው ተያዙ።

ሰኞ ጠዋት ቃሏን ልትሰጥ ኮረብታው ሥር ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ትጽፋለች።

«የተጠርጣሪውን ቃል ተቀብላችኋል?» አለች ገንዘቤ።

«ገና ነን። መጀመሪያ ከሳሽ ነው የሚሰማው። ለማንኛውም ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሉዚራ ነዋ።»

ሉዚራ እስር ቤቱ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በታጨቀ ክፍል ውስጥ መጣል ምን ማለት እንደሆነ ገንዘቤ ታውቃለች። ካቶ ጥጉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ማየት አቃታት።

መርማሪዋ ቅጹን ስትሞላ ብዕሯ ቆመ። የግድግዳው ሰዓት ከጀርባዋ ነው። «ሙዜ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ በሉጋንዳ ጠየቀቻቸው።

ካቶ ቀና ብለው ሰዓቱን አዩ። «ሳዋ ሳቱ» አሉ። ሦስት ሰዓት።

ገንዘቤም ቀና አለች። የሰዓቱ አጭር ዘንግ ያረፈው ዘጠኝ ላይ ነው።

የቅዳሜው 4:10 ትዝ አላት።

የአገሩ ሰዎች ባጋንዳዎች እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ልዩነቱ ሰዓታቸውን የሚሞሉት እንደ ዓለሙ መሆኑ ነው። ዘጠኝ ላይ እያዩ ሦስት ይላሉ። ሦስት የሚለውን ሦስት ላይ የሚሞላ ሐበሻ ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የመኪናዋ ሰዓት 4:10 ይል ነበር! ለሐበሻ ዓይኗ ልክ ስለነበረ ዝም ብላ አለፈችው። መሆን የነበረበት ግን 10:10 ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ራሷ ናት። አምና ኡጋንዳዊው ሾፌር የመኪናዋን ሰዓት አምኖ አንድ የልብ ሕመምተኛ ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት አሳልፎ ስላደረሰ፣ እድሩ የመኪናዋ ሰዓት በአገሩ ልማድ እንዲሞላ ወስኖ ነበር።

ወደ ደጅ ወጥታ ለረድዋን ደወለች። ክፉ ሐሳብ ውል ብሎባታል። ዕቃ ፈትቶ መግጠም የሚያውቀው ማን ነው? መካኒኩ አይደል?

«ረድዋን፣ የመኪናዋን ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው የምትሞላው?»

«በእነሱ ነዋ፣ እትዬ! ራስሽ ጽፈሽ ራስሽ ትጠይቂኛለሽ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ የነካሃት መቼ ነው?»

«እገዳው ሳይጀመር፣ ሰኔ ላይ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ልመጣ ስል አቶ ወንድይፍራው ‹አትልፋ፣ እኔው አስነሳታለሁ› አለኝ። በየቅዳሜው የእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ሲጽፍ አላየሽም?»

አይታለች። «ተነስታለች፣ ደህና ናት» ይላል መልእክቱ። አራት ቅዳሜ፣ አራት ጊዜ። አንዴ እንዲያውም እሷ ራሷ «እግዜር ይስጥልን» ብላ መልሳለታለች። ያ ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ።

«እኔን ጠርጥረሽ ነው የደወልሽው?» አለ ረድዋን፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አዎ። ይቅር በለኝ።»

ለማስረጃ ይሁንሽ ብሎ ስልኳ ላይ ፎቶ ላከላት። የካቲት ላይ ዕቃውን ሲገጥም ለእድሩ ያነሳው ነው። በጎማዎቹ ጎን የተሠሩበት ሳምንትና ዓመት፣ በባትሪው ጀርባ የራሱ መለያ ቁጥር ይነበባል።

ገንዘቤ ወደ መርማሪዋ ተመለሰች። ሁሉንም በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ወጣቷ ፊቷን አኮሳተረች። «ሰው የምንይዘው በሰዓት አሞላል ነው እንዴ?»

«በሰዓት አትያዢው። በባትሪ ያዢው። ሰዓቱ የት እንደምንፈልግ ብቻ ነው የነገረን።»

ከቀትር በኋላ ወንድይፍራው ጭነት ወደሚያራግፍበት ቡኮቶ ደረሱ። ጋሽ በየነም ተጠርተው መጡ። ወንድይፍራው ከአንድ ሱቅ ደጅ ከራሱ ኖህ ሽንኩርት እያወረደ ነው። መስታወቱ ላይ የጭነት ፈቃድ ለጥፏል። በእገዳው ወቅት ሥራ የደራለት እሱ ብቻ ነበር።

«አቶ ወንድይፍራው፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ገንዘቤ።

የእጅ ሰዓቱን አየ። «ስምንት ከሩብ።»

«እስቲ ልየው።»

8:15 ይላል። የመርማሪዋ 2:15።

«ምን ነውር አለበት? ሐበሻ ነኝ።»

«ነውርስ የለበትም። የእድሩን መኪና ባትሪ ሲፈቱ ሰዓቱ ጠፋብዎት። ሰው ቁልፉን አዙሮ ቢያይ ብልጭ ድርግም እያለ ያሳብቅብዎታል። ስለዚህ የእጅዎን አይተው ሞሉት።»

«ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ? ረድዋንስ?»

«ረድዋን በአገሩ ልማድ መሙላትን እጁ ለምዶታል። ከእገዳው ወዲህም አልመጣም፤ ቁልፍም በእጁ የለም። ቁልፍ ያላችሁ እርስዎና ካቶ ናችሁ። ካቶ ደግሞ አራት ሰዓትን 4 ላይ አይሞሉም።»

«ጋሽ በየነ፣ ዝም ብለው ይሰሟታል? በሰዓት ነው እንዴ ሰው የሚከሰሰው?»

ጋሽ በየነ መርማሪዋ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብላ ቁጥሩን በገንዘቤ ስልክ ካለው ፎቶ ጋር ስታስተያይ ያያሉ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ልክ ናቸው። የኋላዎቹም ልክ ናቸው።

«ኮፈኑን ክፈት» አለችው መርማሪዋ።

«ቁልፉ የለም...»

«ክፈት!»

ተከፈተ። ባትሪው አዲስ ነው። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችው፣ ገንዘቤ ከፎቶው ጋር አመሳከረች። አንዲት አኃዝ አልተዛነፈችም።

ወንድይፍራው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የተጸጸተ ሰው ንግግር አልነበረም። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባል የለ!

«ቆማ እኮ ነው!» አለ። «ጎማ በቆመ መኪና ላይ ይበሰብሳል እንጂ ለማን ይጠቅማል? የእኔ አልቆ ነበር፣ ሱቆቹ ዝግ ናቸው፣ ሥራው ደግሞ እንደዚያን ጊዜ መጥቶልኝ አያውቅም። እገዳው ሲነሳ ልመልሰው ነበር። በመካከል ሰው ይታመማል ብሎ ማን ያውቃል?»

«ማን ያውቃል?» ገንዘቤ ጮኸች፤ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «እድር የሚገባው እኮ ማንም ስለማያውቅ ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ ‹ደህና ናት› እያልክ ስትጽፍ፣ ያቺ ሴት መኪናዬ ደጄ ናት ብላ ተማምና ትተኛ ነበር። በላይዋ ላይ ደረትህን ደቃህ! ሽማግሌውንስ? እሺ ሰረቅህ። ሽማግሌውን ምን አድርገውህ ነው?»

«ያው... አንድ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም ነበር።»

ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔም አህያውን ፈርቼ ዳውላውን መታሁ» አሉ። መርማሪዋ የወንድይፍራውን ክንድ ይዛ አስነሳችው። ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብለው ያያሉ። እሱ አሁንም ስለ ሽንኩርቱ ይጠይቃል፤ ማን ያወርድልኛል ይላል።

ካቶ ያን ቀን አመሻሹ ላይ ተለቀቁ። ጋሽ በየነ በጣቢያው ደጅ ቆመው ረጅም የይቅርታ ንግግር አደረጉ፤ ገንዘቤ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አሰማቻቸው። ሥራዎ እንዳለ ነው አሏቸው፣ እድሩ ይክስዎታል አሏቸው። ገንዘቤ በራሷ በኩል የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሙዜ። መርማሪ ነበርኩ። እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ሌባውን ለማግኘት ሙሉ ቀን ለፋን፤ በሰዓት፣ በፎቶ፣ በቁጥር...»

ካቶ በእርጋታ ሰሟት። ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ተናገሩ።

«ባለቁልፉ ሰውዬ እገዳው በገባ በሁለተኛው ረቡዕ መጣ። ሐይቁ ዳር ጋባ ድረስ በእግሬ ዓሣ እንድገዛለት ላከኝ። ስመለስ እጁ ጥቁር ዘይት ነበር፤ ያረጁ ጎማዎቹን ከሸራው ሥር አየኋቸው። የእናንተ መኪና ነው፣ የእናንተ ሰው ነው፤ የሚጠግናት መስሎኝ ዝም አልኩ።» ቀና ብለው አዩዋት። «እሑድ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ እነግረው ነበር።»