የመርሃዊ መፍቻ

መርሃዊ፣ ካልጋሪ ከተማ ማርቲንዴል ሰፈር ባለው የእናቱ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው እናቱ ኣልጋነሽ ናት፣ ቅዳሜ ጧት ከሌሊት የሥራ ሺፍት ስትገባ። አጠገቡ የሻይ ኩባያና የእሷ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ ነበሩ፤ ብልቃጡ ባዶ ነው። ፖሊስ መጣና ኮምፒውተሩንም ኩባያውንም ሰበሰበ። «ከሥራ የተቀነሰ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» ሲባል ሌላ ጥያቄ አላስፈለገውም። የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ ፈት ከሞተ ራሱን ገደለ ነው፤ አለቀ።

ኣልጋነሽ የደወለችው ለጓደኛዋ ለደሃብ ነው። ደሃብ ዕድሜዋን ሙሉ የኢንሹራንስ መርማሪ ነበረች፤ የገዛ ቤቱን ለኩሶ «አደጋ ነው» የሚልን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ስታፋጥጥ የኖረች። ደሃብ ሰው ትንቃለች ይሏታል። እውነት ነው፣ ትንቃለች። አብዛኛው ሰው ደግሞ ለመናቅ ይመቻል።

«ቄሱ ፍትሐት አይሆንም አሉኝ» አለች ኣልጋነሽ። ድምጿ ደርቋል። «ራሱን ላጠፋ ሥርዓቱ አይፈቅድም አሉ። ደሃብ፣ ልጄን ያለ ጸሎት ልቅበረው?»

«ማን አጠፋ አለሽ? ቆይ እስኪ።»

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ግን ጮክ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ሁሉም ይንሾካሾካል። ደሃብ በንቀት አልፋቸው ወደ ኩሽና ገባች። ከሲንኩ ጎን አንድ ኩባያ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ይሄን ማን አጠበው?»

«እንጃ። ቅዳሜ ስገባም እዚሁ ነበር።»

«መርሃዊ ይሆን?»

ኣልጋነሽ በሐዘኗ መሃል ልትስቅ ምንም አልቀራት። «መርሃዊ? ልጄ ተወልዶ ኩባያ አጥቦ አያውቅም!»

እንግዲህ ዓርብ ማታ ሻይ የጠጣ እንግዳ ነበር። ኩባያውን አጥቦ ሄዷል። ምን ያለው ንጹሕ እንግዳ ነው!

ቤዝመንቱን የሚያዘወትሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኑሩ፣ ሉዋምና ታደገ። ከመርሃዊ ጋር ሆነው አንድ የድሮ የኮምፒውተር ጌም ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ። የጌሙ ጽሑፍ ሁሉ ታሽጎ የሚቀመጠው በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው፤ ያንን የሚፈታ ትንሽ ፕሮግራም መርሃዊ ጽፏል። «መፍቻ» ይሉታል። በቡድናቸው ስም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀውት የዓለም ጌመር ሁሉ ይጠቀምበታል። አዋቂ ሰው በዚህ ጊዜውን ይፈጃል? ደሃብ አልገባትም። ለማንኛውም ወደ ካስልሪጅ ሰፈር፣ ወደ ኑሩ ቤት ነዳች።

«ከመርሃዊ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ተጣልተናል። እትዬ፣ ስለ ጌም የማይጣላ አለ? ግን ዓርብ ከሰዓት ኮል አደረገልኝ። እየሳቀ። መፍቻውን አስተካከልኩት፣ ሰኞ በራሴ ስም ፖስት አደርገዋለሁ አለኝ።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ፋይሉን የምታስቀምጪበት ፎልደር ስሙ በአማርኛ ከተጻፈ መፍቻው ክራሽ ያደርጋል፣ ወዲያው ይዘጋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሁላችንም በእንግሊዝኛ እንሰይማለን። ታደገ ግን ይረሳና ልማዱ ሆኖ በአማርኛ ይሰይማል፤ ከዚያ ‹መፍቻህ ተበላሸ› እያለ መርሃዊን ያነዘንዘዋል።»

«ሰኞ ሊለቀው ያሰበ ሰው ዓርብ ራሱን ይገድላል?»

ኑሩ ይሄን እንኳ አላሰበም፤ አይ የዘመኑ ልጅ!

ሉዋም የምትኖረው ሳቫና ሰፈር ነው። የመርሃዊ እጮኛ ነበረች፣ ቀለበቱን መልሳለታለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«ላይክ፣ ሁሉም በእኔ ምክንያት ነው የሚሉት። አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ግን እትዬ፣ ዓርብ ይሄን ላከልኝ።» ስልኳን ዘረጋች። የመርሃዊ ስክሪን ፎቶ ነው፤ መፍቻው ፋይሉን ዘርግፎታል፣ የፎልደሩ ስም በአማርኛ ፊደል «እማ» ይላል። «ሲ? አየሽ፣ ሠርቷል። ሶ ሃፒ ነበር።»

«ለፖሊስ ለምን አላሳየሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም!»

ደሃብ የማን ንቀት ይብስ ይሆን ብላ አሰበች፤ የእሷ ወይስ የዚያ ፖሊስ።

ታደገ ከሦስቱ ትልቁ ነው። የነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ኃላፊ ነበር፤ አሁን እሱም ተቀንሶ በጸሎት ጉባኤው ውስጥ ጮክ ብሎ በመጸለይ ይታወቃል። ንግግሩን ሁሉ በ«ክብር ለጌታ» ይጀምራል፣ የቴክስት መልእክቱንም ጭምር።

«ክብር ለጌታ፣ እህቴ ደሃብ...»

«እህትህ አይደለሁም። መርሃዊን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነኝ። ወዮ፣ ምነው ሄጄ በጸለይኩለት!»

«ከዚያ ወዲህ የላከልህ ነገር አለ? አዲስ መፍቻ ምናምን?»

«ምንም። ያለኝ የድሮው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ነው።» ከዚያ ደረቱን ነፋ። «ደግሞ ጌታ በር ከፍቶልኛል። ቫንኩቨር ያለ የጌም ኩባንያ ለኢንተርቪው ጠርቶኛል።»

«አንተን? በምን ሙያ?»

«በመፍቻው ነዋ፣ የማንኛውንም አገር ፊደል የሚያነብ ይፈልጋሉ» አለና ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ፣ ቡድናችን በሠራው።»

ደሃብ ፈገግ አለች። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አይታለች፤ ዓይኑን በጸሎት ያጠበ ሲያጋጥማት ግን ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ስትወጣ ለኣልጋነሽ ደወለች። «ክኒንሽን የት እንደምታስቀምጪ ማን ያውቃል?»

«ከልጄ ሌላ? ታደገ። እንቅልፍ እንዲመጣልኝ ሊጸልይልኝ ሲመጣ ከባኞ ቤት የሚያመጣልኝ እሱ ነበር።»

በማግስቱ ደሃብ ሦስቱንም ላፕቶፖቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠራቻቸው፤ እናት የልጇን ሥራ ማየት ትፈልጋለች ብላ። ቄሱ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ያ ፖሊስ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ሰዓቱን ያያል፤ ደሃብ ለምና አይደለም ያመጣችው፣ አሳፍራ ነው።

«በሉ ክፈቱ» አለች።

ኑሩ ከፈተ። ፎልደሩ በእንግሊዝኛ ተሰይሟል፣ መፍቻው ሠራ። የሉዋምም እንደዚያው። ታደገ ላፕቶፑን ወደ እናትየው አዞረ፤ አንዲት አሮጊት ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች በሚል ዓይን ደሃብን ገረፍ አድርጎ። ፋይሉ ያለ አንዳች እክል ተዘረገፈ። ፎልደሩ በግዕዝ ፊደል «ክብር ለጌታ» ይላል።

«ጎበዝ» አለች ደሃብ። «ኑሩ፣ ያንተን ፎልደር እንደሱ ሰይመው።»

ኑሩ ሰየመው። መፍቻው ወዲያው ተዘጋ። ሉዋምም ሞከረች፤ ተዘጋ። 

«ታዲያ የታደገ ለምን አልተዘጋም?» አለች ደሃብ። «የተስተካከለው ስለሆነ። የተስተካከለው ደግሞ ዓርብ ተወለደ፣ ቅዳሜ ጧት ከነኮምፒውተሩ ፖሊስ ወሰደው። በመሃል የነበረው እዚሁ ቤዝመንት ውስጥ ብቻ ነው።»

«ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት!»

«ውሸት ነው» አለ ኑሩ። «ኢንተርኔት ላይ ያለው ይሄ የእኔው ነው። ዛሬ ጧት ነው ያወረድኩት።»

«እሱ... እሱ ልኮልኝ ነው!»

«ምንም አልላከልኝም አላልከኝም? ዓርብ ማታ ኣልጋነሽ ሺፍት ገብታለች። አንተ መጣህ። ኩባንያው መፍቻው የማንኛውንም አገር ፊደል እንዲያነብ ፈልጓል፣ መርሃዊ ደግሞ ሰኞ በስሙ ሊለቀው ነው። ከለቀቀው አንተ ቫንኩቨር ሄደህ ምን ታሳያለህ? ክኒኑን ከምታውቀው ቦታ አመጣህ፣ ሻይ አፈላህለት፣ አብረኸው ጠጣህ። ሲያንቀላፋ መፍቻውን ገለበጥክ። የራስህን ኩባያ አጠብክ፣ በማያጥብ ሰው ቤት! ቤትህ ገብተህ ደግሞ በሰረቅከው ላይ ክብር ለጌታ ብለህ ጻፍክበት። እንዲያው ጌታ ምን በደለህ?»

«እኔም ልጆች አሉኝ!» ብሎ ጮኸ ታደገ። «እሱ በነጻ ሊበትነው ነበር! በነጻ! እኔ ሥራ...» ቀሪውን ዋጠው። ያለው ግን በቂ ነበር። ፖሊሱ ከኩሽና ወጣ፤ ሰዓቱን ማየት ትቷል።

ታደገ ሲወሰድ ኣልጋነሽ ቀና ብላም አላየችው። ዓይኗ ቄሱ ላይ ነው።

«አባ፣ አሁንስ?»

ቄሱ ተነሱ። ፊታቸው ቀልቷል። «ነገ ጧት ፍትሐቱ ይደረግለታል፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ደሃብ እሳቸውንም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ከሉዋም ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን ኣልጋነሽ ጉልበት ላይ አኖረችላት። «እነሆ ሥራው። ያስተካከለው ዕለት መጀመሪያ የጻፈበት ስም ያንቺ ነው።»

ኣልጋነሽ «እማ» የሚለውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ ልጇ ከሞተ ጀምሮ ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች፤ «መርሃዊዬ!» ብላ ጮኸች። ሳምንቱን ሙሉ ሲንሾካሾክ የከረመው ቤትም አብሯት ጮኾ አለቀሰ፣ ደሃብም ጭምር።