የግንበኛ ከድር ገመድ

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር አጋማሽ፣ የሆሳዕና ቀይ አፈር ደርቆ መንገደኛውን ሁሉ አቧራ ባለበሰበት ሰሞን፣ በከተማይቱ ዳር በቆመች አንዲት የድንጋይ ቤት ግንብ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተጻፈ። ትርጉሙን የማያውቅ አልነበረም፤ አዲሱ መንገድ ሲወጣ የቤቲቱ ፊት ይፈርሳል ማለት ነው። የሟቹ ግንበኛ ከድር ባለቤት ወይዘሮ ጀሚላ ምልክቱን አይተው፣ “ወይ ጉድ! በእጁ የጠረበውን ሊንዱት?” አሉ፤ አለቀሱም።

ምልክቱን ያስጻፈችው ቀያሽ ሐዳሳ ላሬቦ ነበረች። ሥራዋ በወረቀት የታሰበውን ሳይሆን መሬት ላይ በእርግጥ የተሠራውን ለክቶ በካርታ ማስፈር ነው። እንደ አገሬው ልማድ በጓሮ የተደረደረውን እንሰት ድንበር ነው ብላ ከዚያ ተነሣች፤ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የተመራው ቦታ ከጓሮ እስከ መንገድ ሃያ ሜትር ነበርና፣ ግንቡን አንድ ሜትር ከአርባ ወደ መንገዱ ወጥቶ አገኘችው። ፈረመችም።

ማፍረሱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ጀሚላ ቢሮዋ ድረስ መጡ።

“ልጄ፣ ከየት ተነሥተሽ ነው የለካሽው?”

“ከእንሰቱ ነው፣ እማማ።”

“እንሰቱን እኮ እየነቀልኩ እየተከልኩ ወደ ኋላ፣ ወደ ፈፋው ሳስጠጋው ነው የኖርኩት! አንቺስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለሽም? እንሰት ሳይዛወር ሲያድግ የት አይተሻል?”

ሐዳሳ የምትገባበት ጠፋት። እናቷ እንሰት ነቅላ ስትተክል እያየች ያደገች ልጅ ይህን መርሳቷ አንገበገባት።

“ታዲያ ድንበሩ የት ነው?”

“ድንጋዩ ነዋ! ቦታውን ስንመራ የተቀበረው።”

ከቀትር በኋላ መሣሪያዋን ይዛ ሄደች፤ አለቃዋ ኢንጂነር ሚክያስም አብረዋት ነበሩ። አሮጊቷ በጣታቸው ባሳዩት ስፍራ ከእንሰቱ ወዲህ ሲቆፈር፣ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ጥርብ ድንጋይ ብቅ አለ። ወይዘሮ ጀሚላ ወደ ቤት ገብተው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ በጭስ የጠቆረ ባለ ቋጠሮ የቃጫ ገመድ አወጡ።

“ከድር በዚህ ነው የለካው። የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲያገኘው ያጥራል፤ ይዋሻል ይል ነበር። ከእሳት ዳር ለይቶት አያውቅም፤ እኔም አልለየሁትም።”

የገመዱን ጫፍ ድንጋዩ ላይ አድርገው በቤቱ ጎን በኩል ወጠሩት። የመጨረሻው ቋጠሮ ከፊተኛው ግንብ ጋር ገጠመ። ሐዳሳ በፍጥነት መሣሪያዋን ተከለች፤ ያነበበችውን አላመነችምና ደግማ ለካች፤ ሦስተኛም ለካች። ሃያ ሜትር ከአንድ ሳንቲም!

“ጌታ ሆይ!” አለች። ቁጥር ያልተማረ ሰው፣ በገመድና በዓይኑ ብቻ፣ እሷ በዚህ ሁሉ መሣሪያ የሳተችውን አግኝቶት ነበር። እንደ ቤተ ጸሎት ጫማዋን ማውለቅ አማራት።

ኢንጂነር ሚክያስ ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ኋላም፣ “ፈርመሽበታል እኮ፣ ሐዳሳ። ይህ ከታረመ ስሕተቱ በስምሽ መዝገብ ላይ ይቀራል” አሏት።

“በስሜ ይቅር፣ ኢንጂነር። የተሠራውን መዝግቢ ነው የተባልኩት፤ የተሠራው ይኸው ቆሟል።”

በዚያው ምሽት የማፍረሱ ትእዛዝ ተሻረ፤ የመንገዱም መሥመር ታረመ። ወይዘሮ ጀሚላ ቀዩን ቀለም በአሸዋ ፈተጉት፤ ደብዛው ግን አልለቀቀም።

መዝገብ የሚያስታውሰው የራሱን ነው። በዚያች ቦታ ፋይል ውስጥ የአራት ማዕዘናት ቁጥር፣ የቀያሽዋ ስም፣ ከስሟም ሥር ስሕተቷ ተጽፎ ይገኛል፤ ቤቱን ማን እንደ ሠራው የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ የለውም። ወይዘሮ ጀሚላ ይህ አልከነከናቸውም፤ የከነከናቸው ሌላ ነው። ሐዳሳ የታረመውን ካርታ አምጥታ ባነበበችላቸው ቀን፣ አንዲቱ ሳንቲም ላይ ሲደርሱ አስቆሟት።

“እሷስ የከድር አይደለችም፤ ገመዱ ያኔም አርጅቶ፣ ተስቦ ነው፣ ልጄ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊልኝ።”