ዲ ላይ የነበረው

መብራት ተመልሶ የትምህርት ቤቱ ስምንት ኮምፒውተሮች ባንድ ላይ ማጓራት ሲጀምሩ ትርሲት «እሰይ!» ብላ ወንበሯን ሳበች። ስክሪኑ በራ። የፈተና መለማመጃው ግን የለም። ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች፤ የለም። ከምሳ ጀምራ አንገቷ እስኪደርቅ አንድ በአንድ የጫነችው ፕሮግራም፣ ጭራሽ ያልነበረ ይመስል ከሁሉም ላይ ጠፍቷል።

«ወይ ጉዴ! ንጋት፣ ሲ ላይ የጫንነው በሙሉ የለም።»

ጓደኛዋ ንጋት ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ነበር። «እንዴት የለም?»

ትርሲት አሁን ነው ትዝ ያላት። ቲቸር ዓለምነው ቫይረስ ሲያስቸግራቸው ሲ የሚባለውን ክፍል ቆልፈውታል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ወደ ድሮው ይመለስና አዲስ የገባበትን ሁሉ ይተፋል። ጠዋት የበሩን ቁልፍ ሲሰጧት «ያልተቆለፈው ዲ ላይ ጫኑት፣ አደራ» ብለዋት ነበር። መስማቱንስ ሰምታለች። ግን ዲ ሞልቷል። የሞላውም በሌላ ሳይሆን፣ እሷና ንጋት የአይሲቲ ክበብ ነን እያሉ ዓመቱን ሙሉ ስምንቱም ላይ ባጨቁት የቱርክ ድራማ ነው። እሱን ማጥፋት አሳሳትና ፕሮግራሙ የት ልጫን ብሎ ሲጠይቃት ሲን መረጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

«በቃ፣ መብራት ሄዶ አጠፋብን እንላለን» አለች ንጋት። «ውሸት ነው እንዴ? ሄዷላ!»

«ነገስ? ልጆቹ ሲመጡ?»

«እሱን እሳቸው ይጨነቁበት። ወገቤ ተቆርጧል ትርስዬ። ድራማውን ብቻ እንዳትነኪብኝ፣ መጨረሻውን አላየሁትም።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ትርሲትም ልትከተላት ተነሳች። ዓይኗ ይቆጠቁጣል፤ የምትፈልገው ቤቷ ገብታ መጋደም ብቻ ነው። በሩ ላይ ግን የአክስቷን ልጅ ሰርክን አገኘቻት። ሰርክ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወረታ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ አርብ አርብ ሜዳውን በእግሯ አቋርጣ ገጠር ወላጆቿ ቤት ትገባና እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች።

«ዛሬ አርብ አይደል፣ አልሄድሽም?» አለቻት ትርሲት ደንግጣ።

«ቅሪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ እኔ ደግሞ ማውስ የሚሉትን በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

«ስንቅሽስ?»

«ያለችኝን አብቃቃታለሁ። ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ትርሲት ልትናገር አፏን ከፈተች። መብራት... ብላ ልትጀምር ነበር። «ሁለት ሰዓት ነይ» አለች። ካለች በኋላ ራሷን ረገመች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

ሰርክ ስትሄድ ትርሲት ተመልሳ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ዲን ከፈተች። ድራማው በየክፍሉ ተደርድሯል፤ መጨረሻውን እሷም አላየችውም። ሁሉንም መረጠች። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ። መለማመጃውን እንደገና መጫን ስትጀምር ፕሮግራሙ ያው ልማደኛ ነውና ሲን አቀረበላት። ዲ ብላ ቀየረችው። ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። ሲያልቅ በገዛ እጇ አጥፍታ አበራችው፤ ስክሪኑን አየች። አለ።

የዘበኛው የጋሽ ገበያው ቁልፍ በሩ ላይ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ልዘጋ ነው፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ስልክዎን ያውሱኝ። ቲቸር ዓለምነው ጋ ልደውል።»

ስልኩ ተነሳ። «ቲቸር፣ ትርሲት ነኝ። ሲ ላይ ነበር የጫንኩት፣ ጠፋ። አሁን አንዱ ላይ እንደገና ጭኛለሁ፣ ሰባት ይቀረኛል። ጋሽ ገበያው ትንሽ እንዲቆዩልኝ ይንገሩልኝ።»

«ዲ ላይ ጫኑ አላልኩም?» አሉ ቲቸር።

«ሞልቶ ነበር።»

«በምን?»

ንጋት ትዝ አለቻት። «በድራማ። የኔ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን እያጠፋሁት ነው» አለችና ስልኩን ለጋሽ ገበያው አቀብላ ሁለተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።